መድኃኒት የለመደ በሽታ

እታለም የመዝገብ ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እህቱን የጠራበት ቃል ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ሰፈሩም ቃሉን ከሕፃኑ አፍ ተቀብሎ ትልቅ ትንሹ እታለም ሲላት ኖረ። ፋርማሲ ተምራ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ጠባብ መድኃኒት ቤት ከከፈተች ወዲህ ደግሞ የሰፈሩ ግማሽ ሐኪም ሆነች። ጉሮሮው የከረከረው፣ ድዱ ያበጠው፣ ለሰው በማያሳየው ቦታ የሚያሳክከው ሁሉ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት መጥቶ የእሷ ባንኮኒ ላይ ክርኑን ያስደግፋል።

"እስቲ ያንን ቀይና ቢጫውን ስጪኝ፤ ባለፈው ያዳነኝን።"

"ባለፈው የያዘህ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ደግሞ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው።"

"እሱ በጊዜው ይሂድ፤ አንቺ ብቻ ስጪኝ።"

ስቃ አንቲባዮቲኩን ትሰጣለች። የሐኪም ወረቀት መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች። ግን የጤና ጣቢያው ሰልፍ ሰው ያስመርራል፤ ሰዉም የሥራ ቀኑ ይቃጠልበታል። ሙሉውን መዋጥ የሚሰለቸው ቆርጣ እንድትሰጠው ሲለምናት ከእንክብሉ ማሸጊያ ካርድ ላይ በመቀስ ቆርጣ ትሰጣለች። እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን የልጁ ቁስል ላይ የሚነሰንስ አባትም ነበር፤ "ወጥ መሰለህ እንዴ?" ብላ ቀልዳበት አለፈች። ሰው ይወዳት ነበር። እሷም መወደዱን ትወደው ነበር።

ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወደ ቤተሰቡ በገባችበት ሰሞን እታለም "ሙሽሪት" ብላ ጠራቻት፤ ያው ተጣብቆ ቀረ። ከጸጉሯ ውስጥ ነጫጭ ዘለላዎች ብቅ ብቅ ካሉ በኋላም ሙሽሪት ናት። ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው አያውቁም፤ ተዋደውም አያውቁም። እታለም ወንድሟን እንደ ልጇ ታየዋለች፤ ሙሽሪት ደግሞ ባሏን ከሌላ ሴት ጋር የምትካፈል ይመስላት ነበር። ስለዚህ በመካከላቸው የነበረው ንግግር ጨዋ ነበር፤ ጨው ግን አልነበረውም።

ሙሽሪትን ፅንስ እየደጋገመ ያስወርዳት ነበር። ተስፋ ቆርጣ ስለ ልጅ ማውራት ባቆመች በስንት ጊዜዋ አንዱ ጸና። ሆዷ ገፋ፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል ለመርገጥ ወንበሯን ወደ ኋላ መሳብ ግድ ሆነባት። አንድ ከሰዓት የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋች ሳለች የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ጊዜው ገና ነበር።

ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ከአባቷ መዳፍ ብዙም አትበልጥም ነበር። ሹፌሩ በማሞቂያ ሣጥኑ መስታወት ሲያያት ቆይቶ፣ "ይቺ ተሳፋሪ ፌርማታዋ ሳይደርስ ወረደች" አለ። እየቀለደ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። ስም የምናወጣው ወደ ቤት ስትገባ ነው ተባብለው እስከዚያው "ጠብታ" አሏት።

የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ሲገቡ በስተቀኝ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ቧንቧው በደንብ አይዘጋም፤ ፍሳሹም ቶሎ አይወርድም። ከዚያ ወዲያ ማሞቂያ ሣጥኖቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ሣጥን ሲያጥር አንዱ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ራስ ለእግር ተኝተው ይታያሉ። ነርሶቹ ጥቂት፣ ሕፃናቱ ብዙ ናቸው። ዋናዋ ነርስ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚላት፣ ካንዱ ሣጥን ወዳንዱ ስትሮጥ አልኮሉን እጇ ላይ እያሸች ነው፤ ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ግን ሩጫው አይቆምም።

ሙሽሪት ወተቷን በኩባያ ታልባለች፤ ሲስተር በጠብታ አፍንጫ በገባው ቀጭን ቱቦ ታወርድላታለች። ከዚያ ሕፃኗን ካልሲና ቆብ ብቻ አድርገው እናቷ ደረት ላይ ያስተኟታል፤ ገላ ለገላ። ሙሽሪት በዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሳትንቀሳቀስ ስትቀመጥ ጀርባዋ ይደነዝዛል። "ይደንዝዝ" ትላለች። ከጎኗ ያለችው ወጣት እናት እንደሷው ያለጊዜው የተወለደ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ሁለቱ ስለ ወተት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አማቶች እያወሩ ይሳሳቃሉ። ጠብታ ክብደት መጨመር ጀመረች። ሚዛኑ ላይ በወጣች ቁጥር ሲስተር "ይቺ ሆዳም" ትላታለች፤ ሙሽሪትም ምርቃት የተቀበለች ያህል ፊቷ ይበራል።

እታለም መድኃኒት ቤቷን ለምሳ ስትዘጋ በየቀኑ ትመጣለች። እጇን ታጥባ፣ ጋውን ለብሳ፣ ከበሩ አጠገብ ትቆማለች። ቀርባ ታቅፋት ዘንድ ሙሽሪት ጠይቃት አታውቅም፤ እሷም ለምና አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ሙሽሪት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ስታስተኛት ግራ ገባት። ጠብታ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በእግሯ አልገፋቻትም። ግንባሯን በከንፈሯ ብትነካው ቀዝቅዟል።

"ሲስተር፣ ልጄ ዛሬ ዝም አለችብኝ።"

ሲስተር መጥታ ቆዳዋን አየች፤ አተነፋፈሷን ሰማች፤ ዶክተሯን ልትጠራ ሄደች። ደም ለምርመራ ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ተብሎም ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ተጀመረ።

እታለም እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ የመድኃኒቶቹን ስም ጠይቃ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። "በርቺ፣ አይዞሽ" አለቻት ሙሽሪትን። "እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ድንጋይ የሚሰብሩ ናቸው።"

አልሰበሩም። በማግስቱ ጠብታ ትንፋሿን መርሳት ጀመረች፤ ሲስተር ውስጥ እግሯን በጣቷ መታ መታ ስታደርጋት ታስታውሳለች። ከወተቱ ይልቅ በቱቦው አረንጓዴ ነገር ይመለስ ጀመር። መድኃኒቱ ተቀየረ። የተቀየረውም ምንም አልፈየደም። ጎረቤታቸው የነበረው ወንዱ ልጅም በዚያው ሰሞን መዛል ጀመረ፤ ሁለቱ እናቶች መሳሳቃቸው ቀረ።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ዶክተሯ ባልና ሚስቱንም እታለምንም ወደ አንዲት ዕቃ ቤት ጠራቻቸው፤ የምታናግርበት ሌላ ክፍል አልነበራትም። መወልወያና የጓንት ካርቶን መሃል ቆሙ።

"በልጃችሁ ደም ውስጥ ያገኘነው ባክቴሪያ እስካሁን የሰጠናትን መድኃኒቶች በሙሉ የተላመደ ነው" አለች።

"መላመድ ማለት?" አለ ሹፌሩ።

ዶክተሯ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እታለም ቀደመቻት። "መድኃኒቱ አይገድለውም ማለት ነው።"

"ልጄ እኮ ገና መወለዷ ነው። መቼ ወስዳው ነው የተላመደችው?" አለ ወንድሟ።

"እሷ አይደለችም የተላመደችው፤ በሽታው ነው። ከእሷ በፊት መድኃኒቱን ደጋግሞ አይቶታል። ሰው ያለ ቦታው ሲውጠው፣ ጀምሮ ሲተወው፣ ደካማው ተሕዋስ ይሞትና ጠንካራው ይተርፋል። የተረፈው ይራባል። በሌላ ሰው ሆድ፣ በሌላ ሰው..."

 ወንድሟ እንድትጨርስ ጠበቃት፤ አልጨረሰችም።

"ሊሠራ የሚችል አንድ መድኃኒት አለ" አለች ዶክተሯ። "እኛ ጋ ካለቀ ሰንብቷል። ጠይቀናል፤ ግን መቼ እንደሚደርስ አላውቅም።"

እታለም ጋውኑን እዚያው አውልቃ ወጣች። በዚያ ቀን ከተማውን እንደ ወንፊት አበጠረችው። የምታውቃቸው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ የለንም አሏት። አስመጪው ዘንድ የለም፤ ትልቁ ሆስፒታል ለራሱም ተቸግሯል። በመጨረሻ ኮሌጅ አብሯት የተማረ፣ አሁን የአንድ የግል ሆስፒታል መጋዘን ኃላፊ የሆነ ሰው፣ በሥራ ቦታው በር ላይ ስታለቅስ አገኛት። ስታለቅስ አይቷት አያውቅም።

"ለማን ነው?"

"ለልጄ" አለች። ለወንድሜ ልጅ ማለቷ ነበር፤ አላረመችውም።

አለቃውን አስፈቅዶ ለአንድ ሕፃን የሚበቃ ሰጣት። ካርቶኑን በሻሿ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ከሰዓት በኋላ ደረሰች።

መድኃኒቱ ሲገባ ጠብታ ትንሽ ተሻላት። ቆዳዋ ቀላ፤ ዳይፐሯ ረጠበ። ሲስተር የረጠበውን ዳይፐር እንደ ሽልማት ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ሙሽሪት በሣጥኑ ክብ ቀዳዳ ጣቷን ስታስገባላት ሕፃኗ ያዘቻት፤ በቄጤማ የመታሰር ያህል ቀላል ነበር፤ ግን ያዘቻት። ያን ጊዜ ሙሽሪት ዞር ብላ እታለምን አየቻትና፣ "እትዬ፣ ነይ አንቺም ያዣት" አለች።

እታለም እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ከዚያ ትንሿን እግር በሁለት ጣቷ ያዘች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መሻሏ አልዘለቀም። መድኃኒቱ ዘግይቷል፤ በሽታው ቀድሞ ጉዳቱን አድርሷል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዶክተሯ ሙሽሪት ፊት ቁጢጥ ብላ፣ "ከዚህ በላይ የምናደርገው እሷን ማሳመም ብቻ ነው። እቀፊያት" አለቻት። ቱቦዎቹን ነቃቅለው ደረቷ ላይ አስተኙላት። ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ ሁለቱንም አቀፋቸው። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን አሙቃው ነበር። ጠብታ እዚያው፣ እናቷ ደረት ላይ፣ ማንም መቼ እንደሆነ ሳያውቀው ሄደች።

አጥባ የከፈነቻት ሲስተር ናት። ከጨረሰች በኋላ አልሄደችም። ዓይኗ ወደ ጎረቤቱ ወንድ ልጅ ሾለክ ይል ነበር። ሙሽሪት ገባት።

"የተረፈውን መድኃኒት ነው?"

ሲስተር አንገቷን ደፋች። "እሱም ያው በሽታ ነው የያዘው። እናቱ እንደምጠይቅሽ አታውቅም።"

ሙሽሪት ወጣቷን እናት አየቻት። ግድግዳ ተደግፋ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ወደነሱ ላለማየት ጣሪያ ታያለች።

"ምን ይጠየቃል" አለች ሙሽሪት። "ቶሎ ስጡት። ለእኛ የዘገየው ይበቃል።"

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ የጠብታን አስከሬን ሊወስድ ሲል ዶክተሯን ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከየት መጣ? ከእናቷ ነው?"

ሙሽሪት ከኋላው ነበረች። ይህን ጥያቄ እሷም በሆዷ ይዛ ውላለች።

"ከእናቷ አይደለም" አለች ዶክተሯ። "ከእኛ ክፍል ነው። ያው ባክቴሪያ በመታጠቢያው ፍሳሽ ውስጥ ተገኝቷል። ከዚያ በእጃችን ይሁን በዕቃችን አላውቅም፤ ግን እኛ ዘንድ ነው ያገኛት። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሕፃን አንቀበልም፤ ክፍሉ ይጸዳል።"

"እንድታድኗት አምጥቼ ለበሽታ አስረከብኳት ነው የምትይኝ?"

"አዎ" አለች። "አዝናለሁ።"

ሹፌሩ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰበብ ብታበዛ፣ ብታስተባብል፣ የሚጮህበት ነገር ያገኝ ነበር። "አዎ" የሚል ሰው ላይ ምን ይጮኻል? እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

ቀበሯት። ከቀብር በኋላ ነው የሙሽሪት ወተት የገነፈለው። ጡቷ ደንጊያ ሆኖ ሸሚዟ ከፊት ረጠበ። ለቅሶ ደራሹ ሳሎን ተቀምጦ "ላይችል አይሰጥም" ሲል፣ እሷ ጓዳ ገብታ ጥርሷን ነክሳ ቆማ ነበር። እታለም ተከትላት ገባች። በሩን ዘጋች፤ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ደረቷ ላይ አደረገችላት፤ በነጠላ ጠበቅ አድርጋ አሰረቻት። ራሷ ወልዳ አታውቅም፤ ያነበበችውን ነው የምታደርገው።

"ለማን ብሎ ነው አሁን የሚመጣው?" አለች ሙሽሪት።

"ገላ መርዶ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ የኔ እመቤት።"

ሙሽሪት ግንባሯን እታለም ትከሻ ላይ ጣለች። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ ተጠጋግተው አያውቁም።

ለቅሶ ደራሹ እግሩን ሲሰበስብ ግን፣ ሙሽሪት ቤቱ ጭር ባለበት አንድ ቀን እታለምን ፊቷ አስቀምጣ ጠየቀቻት።

"እትዬ፣ ያን ዕለት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጀምረሽ የተውሽው ነገር አለ። 'በሌላ ሰው ሆድ' ብለሽ ዝም አልሽ። የማን ሆድ ነው?"

እታለም ከዶክተሯ ቃል ጀርባ መደበቅ ትችል ነበር። "ከክፍሉ ነው ብላለች" ብትል ውሸት አይሆንም።

"የሰፈሩ ሁሉ" አለች። "የጠብታ በሽታ ከእኔ መደርደሪያ ወጣ ማለት አልችልም። አልወጣም ማለትም አልችልም። እንደኔ ያለ መድኃኒት ቤት በየመንገዱ ሞልቷል። ለጉንፋኑ ስሰጥ፣ ቆርጬ ስሰጥ፣ ሰው ደስ እንዲለው ብዬ ስሰጥ... በሽታውን ስናስተምረው ነው የኖርነው። ስሰጥ አውቅ ነበር። ስማቸውን ያወቅኳቸው መድኃኒቶች ልጅሽን እንዴት እምቢ እንዳሏት ሳይ ነው ከልቤ የገባኝ።"

ሙሽሪት ተነስታ በሩን ከፈተችላት።

"ዛሬ ሂጂልኝ" አለች።

ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተያዩም። ሹፌሩ በመሃል እንደ መልእክተኛ ሆኖ፣ ለዚህችኛዋ "ደህና ናት" ለዚያችኛዋም "ደህና ናት" እያለ ከረመ። አንድ ቀን እህቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ "እታለም፣ እኔ አንቺን መቀየም አልችልም፤ እናትን ሰው አይቀየምም" አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "መቀየም ግን አምሮኛል" አለ። እሷም "ገባኝ" አለችው።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነገሩ ተለወጠ። እታለም የሐኪም ወረቀት ያልያዘውን ሰው በባዶ እጁ ትመልስ ጀመር። ለጉንፋን እረፍትና ትኩስ ነገር፣ ለሕፃን ትኩሳት ጤና ጣቢያ። ሰዉ መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። ቆየና ተቀየማት። "ሐዘን አእምሮዋን ነካው" አሉ፤ "ኮራች" ያለም ነበር። የባንኮኒው ጠርዝ ላይ የሚደገፈው ክርን እያነሰ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ደጅ ጠኚ የበዛበት የሹም ቤት መሰለ።

በዚህ መሃል አንድ ከሰዓት ሙሽሪት ገባች። ሰላምታ ሰጥታ፣ ባንኮኒውን ዞራ፣ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። እታለም በብርጭቆ ውሃ አቀረበችላት።

"ያንን ልጅ አየሁት" አለች ሙሽሪት። "ያንን ወንዱን። እናቱ ለትልቁ ልጇ ዩኒፎርም ልታሰፋ መጥታ እኔ መሆኔን ስታይ ልትመለስ ነበር።"

"ደህና ነው?"

"ጉንጭ አውጥቷል።"

"ደስ አለሽ?"

 "አላለኝም። መጀመሪያ እንዲያውም ምነው በመጣችብኝ አልኩ። ኋላ ግን ልጁ አለቀሰ፤ እሷ ጨርቅ እየመረጠች ስለነበር አነሳሁት። ይከብዳል፣ እትዬ። ሕፃን እንደዚህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።"

እታለም አጠገቧ ቁጭ ልትል ስትል በሩ ተከፈተ። የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰ፣ አፍንጫው የቀላ ጎልማሳ ነው፤ የድሮ ደንበኛ።

"እታለም፣ ዛሬ እንኳ አታስለምኚኝ። ነገ መንገደኛ ነኝ። ያንን ቀይና ቢጫውን፣ ለሁለት ቀን የሚሆን ብቻ።"

"ጉንፋን ነው የያዘህ። አይሆንህም።"

"የሚሆነኝንማ ገላዬ ያውቃል።"

"እምቢ አልኩህ እኮ፤ አትቀየመኝ።"

ሰውዬው ሙሽሪትን አያት፤ ማን መሆኗን ያውቃል።  ቆቡን አስተካክሎ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች በመስታወቱ በኩል በዓይናቸው ሲከተሉት አውቶቡስ አሳለፈ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ገባ። ወዲያው ትንሽ ከረጢት ይዞ ወጣና ቆሞ አንዱን እንክብል ያለ ውሃ ዋጠ።

"ገዛ" አለች ሙሽሪት።

"ገዛ።"

ሌላ አውቶቡስ መጣ። ሰዎች ወረዱ፤ ሰዎች ተሳፈሩ። እታለም የደከማት መሰለች፤ ሽበቷን ወደ ሻሿ መልሳ አስገባች።

"እንዲህ ሲሆን ነው የሚውለው?"

"አብዛኛውን ቀን።"

ሙሽሪት ብርጭቆውን አስቀምጣ ተነሳች። ባዶዎቹን ካርቶኖች ከመስኮቱ ሥር አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ጥግ መደርደር ጀመረች።

"ነገ ሥራዬን ይዤ እመጣለሁ" አለች። "የዩኒፎርሙን ቁልፍ ቀዳዳ በእጅ ነው የምሠራው፤ እዚህ ጋ ጥሩ ብርሃን አለ።"

እታለም ሌላ ወንበር ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።